አፋር ላይ እሳት ሲፈነዳ ወሎን ምን ያገባታል?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ አፋር ውስጥ ሐይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱና ጋዙ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጣ። ከዚያ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ይዞት ሄደ። ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን ላይ አለፈ፤ ፓኪስታንና ሕንድ ሰማይ ላይ ደረሰ። ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። እዚያው አፍዴራ ደግሞ አመዱ መንደሩን አለበሰው፤ የከብቱን ግጦሽም ሸፈነው።

ሐይሊ ጉቢ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ፈንድቷል የሚል መረጃ ያልነበረው እሳተ ገሞራ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው ያን ዕለት ነው።

ያን ሰሞን ከደሴ እስከ ባቲ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። የደሴው ተራራ ቶሳስ አንድ ቀን ይፈነዳ ይሆን? አመዱ እኛ ጋ ይደርሳል? ክረምቱን ያበላሽብናል? ቲክቶክ ላይ የሚገኘው መልስ ግማሹ ማስፈራሪያ፣ ግማሹ ትንቢት ነው። እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

የመጀመሪያውን ቶሎ እንጨርሰው። ቶሳ አይፈነዳም። ይህ ማለት ግን ወሎ እሳተ ገሞራ አታውቅም ማለት አይደለም። እንዲያውም ደጋው ወሎ በአብዛኛው የተሠራው በእሳተ ገሞራ ነው። ጊዜው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሰው የሚባል ፍጥረት ገና አልነበረም። ያኔ እሳቱ የሚወጣው ከሾጣጣ ተራራ አናት አልነበረም። መሬቱ በረጃጅም ስንጥቆች ይከፈታል፤ የቀለጠው ድንጋይ ይወጣና ሜዳውን ሞልቶ ይረጋል። ከዚያ ሌላው ይመጣበታል። ንብርብሩ በአንዳንድ ቦታ 2 ሺህ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። የጂኦሎጂ ሰዎች እንደሚሉት አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ለእነሱ ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው።

ይህን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ከደላንታ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ በሺሎ ሸለቆ ቁልቁል ተመልከቱ። ገደሉ ደረጃ ደረጃ ነው። ጥቁሩ ደረጃ በየጊዜው የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ነው። በጥቁሮቹ መካከል አልፎ አልፎ ቀይ መስመር ይታያል። ያ የድሮ አፈር ነው። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል አፈር እስኪፈጠር ድረስ ረጅም ጊዜ አልፏል። ቀጥሎ የመጣው ቅልጥ ከላይ ተኝቶበት አቃጠለውና ቀበረው።

ኦፓሉም የመጣው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው የወሎ ኦፓል ዛሬ በዓለም ገበያ ስም አለው። የሚገኘው ግን ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው። ላይና ታቹ ገደል ሙሉ ድንጋይ ነው። በጥንቱ ፍንዳታ ትኩስ አመድ ተከምሮ ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። በውስጡ የነበረው ሲሊካ፣ መስታወት የሚሠራበት ማዕድን፣ በውኃ እየሟሟ ወደ ታች ወረደ። ከሥር ያለው ሸክላ አፈር አላሳልፍ አለው። እዚያው ቀስ ብሎ ረጋና ኦፓል ሆነ። የአካባቢው ወጣቶች ያቺን ቀጭን መስመር ተከትለው ገደሉ ላይ ዋሻ ይቆፍራሉ። ናዳ ወርዶባቸው የሞቱም አሉ። በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ፍንዳታ ዛሬም ሰው ያበላል፣ ሰውም ይገድላል ማለት ነው።

የዋልካው አፈር ነገርም ተመሳሳይ ነው። ያ ክረምት ላይ ጫማ የሚነጥቅ ጥቁር አፈር የዚሁ ጥቁር ድንጋይ ብስባሽ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ቀይ ድንጋይም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለስላሳ በመሆኑ ለጠራቢው አመቸ። በዚያው ለስላሳነቱ ደግሞ ዝናብ ይበላዋል።

እሳቱ ታዲያ የት ሄደ? ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ሚሌ የወረደ ሰው ጆሮው ድፍን ሲል ነገሩ ይገባዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሚሌ ከ500 ሜትር ብዙም አትርቅም። ከዚያ ወደ ሰሜን ዳናክል ሲደርሱ መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ቁልቁለት የመሬት ቅርፊት እየተቀደደ የሰመጠበት ጠርዝ ነው። የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ የሚባሉት ግዙፍ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳዎች አፋር ላይ ተገናኝተው እየተለያዩ ነው። ቅርፊቱ ሲሳሳ ከሥር ያለው ቅልጥ ድንጋይ፣ ማግማ የሚሉት፣ ለመውጣት መንገድ ያገኛል። ወሎ ጠርዙ ላይ ቆማለች፤ እሳቱ ከጠርዙ በታች ነው።

ሰሌዳዎቹ የሚለያዩት በዓመት ቢበዛ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሁሌ በዝግታ አይደለም። መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ የምንለኩስበት ዕለት፣ ዳባሁ የሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬቱ ተከፍቶ አመድ ተፋ። ቦታው ከወልድያ በአየር መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወጣው አመድ ጥቂት ነበር። ትልቁ ሥራ የተሠራው ከመሬት በታች ነው። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ማግማ ገባ። መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠራቀመው በጥቂት ሳምንታት ተከፈለ። ሳይንቲስቶች ከሳተላይት ምስል ሲለኩት ማመን አቅቷቸው ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የአፋር አርብቶ አደሮች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የሆነውም የዚሁ ዓይነት ነው። ማግማው ከሥር ተንቀሳቀሰ፣ መሬቱ ለወራት ተንቀጠቀጠ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀየው ተነሳ። እሳቱ ግን ላይ ሳይወጣ ቀረ። ስለዚህ ስለ አፋር ስናወራ ወሎ ከቅልጥ ድንጋይ ይልቅ መንቀጥቀጡን ብታስብ ይሻላታል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ የተነሳው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ ፈረሰች። ደሴም ኮምቦልቻም ከዚሁ ጠርዝ ላይ ናቸው። ፎቅ ስንሠራ ግን ይህን የምናስበው ስንቶቻችን ነን?

የሐይቁን ነገር የሚጠይቅም አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1986 ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ ከሚባል የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌሊት ወጥቶ ከ1,700 በላይ ሰው በተኛበት ገደለ። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቃችን ግን እንደ ወንጪና እንደ ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ አይደለም። መሬት ተሰንጥቆ በሰመጠበት የተፈጠረ ነው። እዚህ ላይ ልባችሁ ይረፍ።

አመዱስ? ይህ በነፋሱ ይወሰናል። ሐይሊ ጉቢ የፈነዳው በበጋ ነው። በበጋ ከፍታው ላይ ያለው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ለዚህ ነው አመዱ ወደ ሕንድ የሄደው። በክረምት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከኢትዮጵያ በላይ በከፍታው ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ሰኔ 2003 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ናብሮ ሲፈነዳ አመዱ ወደ ሱዳን አቅጣጫ ተነዳ። በዚያን ሰሞን አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት ጉዟቸውን አሳጥረው ሄደዋል።

እና ሐይሊ ጉቢ በነሐሴ ቢፈነዳ ኖሮ? ከደሴ ርቀቱ በአየር መስመር 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለአመድ ሩቅ አይደለም። በ1853 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ዱቢ ሲፈነዳ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል፣ ሁለት መንደር ጠፍቷል። አመዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ወርዷል። ከሐይሊ ጉቢ አመድ የተረፍነው በወቅቱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሰው እሳተ ገሞራ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ቀይ የሚፈስ ነገር ነው። ኤርታሌን ያየ ሁሉ ያንን ነው የሚያወራው። እውነቱን ለመናገር ግን ቅልጥ ድንጋይ ብዙ ሰው አይገድልም። አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእግሩ ያመልጠዋል። ዋናው ጉዳይ ማግማው ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም የሚለው ነው። ውኃ ሲፈላ ጋዙ በቀላሉ ይወጣል። ገንፎ ግን ጋዙን አፍኖ ይዞ ይቆይና ጧ ብሎ ይተፋል፤ እጅ ያቃጥላል። ሲሊካ የበዛበት ወፍራም ማግማም እንደዚሁ ነው። ፍንዳታው፣ የጋለው የአመድ ደመናና በኋላ የሚመጣው ጭቃ ናቸው የሚጨርሱት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1902 በካሪቢያን ማርቲኒክ ደሴት ሴንት ፒየር ከተማ ላይ የጋለ ደመና ወርዶ ወደ 28 ሺህ የሚጠጋ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሞተ።

ጭቃውን ለመረዳት ደግሞ አርሜሮን ማወቅ ይበቃል። ኮሎምቢያ ውስጥ ኔቫዶ ዴል ሩይስ የሚባል በበረዶ የተሸፈነ ተራራ አለ። ኅዳር 13 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ማታ ፈነዳ። ፍንዳታው ራሱ ትንሽ ነበር። ግን በረዶውን አቀለጠው። ውኃው አመድና አፈር እያግበሰበሰ በወንዞቹ ወረደ። አርሜሮ ከተራራው በአሥሮች ኪሎ ሜትር የምትርቅ ከተማ ናት። ጭቃው እስኪደርስባት ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቷል። በእግር ወደ ኮረብታ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ነበር። ጭቃው የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳይ ካርታም አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ አመድ ሲወርድ ሕዝቡ ተረጋጋ፣ ቤትህ ቆይ ተባለ። በዚያች ሌሊት ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሞተ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲነሳ ሌላ ታሪክ ሆነ። ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ ሰኔ 8 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ፒናቱቦ ለመቶዎች ዓመታት ዝም ያለ ተራራ ነበር። ባለሙያዎቹ መንቀጥቀጡንና ጋዙን ሲለኩ ከረሙ። ሕዝቡና ባለሥልጣናቱ አላምን ሲሉ የጋለ ደመናና ጭቃ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ፊልም አሳዩአቸው። ፊልሙን ያዘጋጁት ሞሪስና ካትያ ክራፍት የሚባሉ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ናቸው። ፒናቱቦ ዋናውን ፍንዳታ ከመፈንዳቱ 12 ቀን በፊት ራሳቸው ጃፓን ውስጥ ኡንዘን ላይ በጋለ ደመና ሞተዋል። ፊልማቸው ግን ሥራውን ሠራ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተነስቶ ሄደ። ፍንዳታው ከዘመኑ ከባዶቹ አንዱ ሆኖ የሞተው ከአንድ ሺህ በታች ነው። በፍንዳታው ዕለት ከሞቱት ብዙዎቹን የገደለው ጣሪያ ነው። በዚያው ቀን አውሎ ነፋስ ዝናብ ይዞ መጣ፤ አመዱ ጣሪያ ላይ ረጥቦ ከበደና ቤቱን ደረመሰው።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ። ለወሎ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው።

ትልቅ ፍንዳታ ድኝ ያለበት ጋዝ ከደመና በላይ፣ ዝናብ ሊያጥበው ወደማይችልበት ከፍታ ይወረውራል። ጋዙ እዚያ ደቃቅ የአሲድ ጠብታ ይሆንና ለዓመት፣ ለሁለት ዓመት ይቆያል። የፀሐይን ብርሃን በከፊል ይመልሳል። ምድር ትቀዘቅዛለች። ፒናቱቦ የዓለምን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ አውርዶታል። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ ከፈነዳ በኋላ ደግሞ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በ1816 የሙቀት ወራታቸው ላይ ብርድና ውርጭ ወርዶባቸው እህላቸው ተበላሽቷል።

እኛን የሚነካን መቀዝቀዙ ብቻ አይደለም። የክረምት ዝናብ የሚመጣው የሰሜኑ መሬት በፀሐይ ሲግል እርጥቡን አየር ወደ ራሱ ስለሚስብ ነው። ሰሜኑ ከቀዘቀዘ ስበቱ ይደክማል። የዝናቡ ቀበቶ ወደ ደቡብ ሸሸት ይላል። ቀበቶው ጥቂት ቢሸሽ እንኳ ጫፉ ላይ ያለው ዋግና ራያ ይደርቃል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ላኪ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1783 አይስላንድ ውስጥ መሬት በረጅም ስንጥቅ ተከፈተና ለስምንት ወር ቅልጥና ጋዝ አወጣ። ፍሎሪን የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ያለበት አመድ ሣሩ ላይ ወረደ። ከብቱ ግማሹ፣ በጉ ደግሞ ከአምስት አራቱ አለቀ። ቀጥሎ ረሃብ መጣ፤ ከሕዝቡ ወደ አንድ አምስተኛው ጠፋ። በዚያው ዓመት የዓባይ ሙላት ግብፅ ውስጥ ቀነሰ። በወቅቱ እዚያ የነበረ ፈረንሳዊ መንገደኛ ከሕዝቡ አንድ ስድስተኛው እንደሞተ ወይም እንደተሰደደ ጽፏል። በኋላ ሳይንቲስቶች የላኪን ጋዝ በኮምፒዩተር ሞዴል ሲያስገቡት የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ደክሞ ታየ። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ነው። በሺሎ ከወሎ ነው፤ ተከዜም የሚነሳው ከላስታ ነው። ግብፅ ላይ ወንዙ ሲጎድል እዚህ ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም። እኛ ጋ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ የየጁው ቀዳማዊ ራስ አሊ ሥልጣን የያዘውም በዚያው ሰሞን ነው።

ከዚህ ተነስቶ ሁሉንም ድርቅ በእሳተ ገሞራ ማሳበብ ግን አይሆንም። የሰባ ሰባቱን ረሃብ እንውሰድ። በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን ፈንድቶ ብዙ ድኝ ወደ ሰማይ ልኳል። በሳህል ከታዩት እጅግ ደረቅ ክረምቶች አብዛኞቹ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ትልቅ ፍንዳታ እንደቀደማቸው የሚያሳይ ጥናት አለ። ስለዚህ ኤል ቺቾን ዝናቡን በማስቀረት በኩል እጅ ሊኖረው ይችላል። በዚያው ጊዜ ኤልኒኞም ነበረ። ቆሬም ላይ ሰው ያለቀው ግን ደመና ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ጦርነት ነበር። መንግሥት ደግሞ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ሲል ረሃቡን ደበቀው። ይህን ሜክሲኮ ላይ መጫን ለአዲስ አበባ ሰዎች ምቹ ሰበብ መስጠት ነው።

ሐይሊ ጉቢስ? ያወጣው ድኝ ከፒናቱቦ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። ክረምትን የመቀየር አቅም የለውም። ናብሮ እንኳ ከፒናቱቦ ወዲህ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ብዙውን ድኝ ወደ ላይኛው ሰማይ የላከ ሆኖ ሳለ፣ በ2003 ዓ.ም. የአፍሪካ ቀንድን የመታው ድርቅ ናብሮ ከመፈንዳቱ በፊት የጀመረ ነው።

አመድ አንድ ቀን ቢመጣስ? የእሳተ ገሞራ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም። የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። ውኃ አያሟሟውም። ጉድጓድና በርሜል መክደን የመጀመሪያው ሥራ ነው። አፍና አፍንጫ በማስክ ወይም በነጠላ ይሸፈናል፤ በተለይ አስም ያለበት ሰው ቤት ይዋል። ቆርቆሮ ላይ የተኛ አመድ ዝናብ ሳይመታው ይጠረግ። የሣር ጣሪያ ይበልጥ ያሰጋል፤ ውኃውንም አመዱንም ይዞ ይከብዳል። ከብት አመድ የወረደበት ሣር እንዳይግጥ ማሰር ነው፤ በአይስላንድ በጎቹን የጨረሰው የሣሩ አመድ ነበር። ሰኞ ባቲ ገበያ ከአፋር ግመልና ፍየል የሚገዛም ሰው እንስሳው ከየት እንደመጣና ምን ሲግጥ እንደቆየ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

የኮምቦልቻ ሹፌሮች ደግሞ አመድ እየወረደ ከባቲ ቁልቁል አትውረዱ። ግድ ከሆነ ቀስ ብላችሁ፣ መብራት አብርታችሁ፣ ከፊት ካለው መኪና ርቃችሁ ንዱ። የፊት መስታወቱን በደረቁ በዝናብ መጥረጊያ እንዳትጠርጉት፤ አመዱ ይፍቀዋል፤ መጀመሪያ ውኃ አፍስሱበት። ሚሌ ስትደርሱ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉ፤ ከተደፈነ ደግሞ ቀይሩት።